ስድስት ሲሊንደሩን እሺ፣ ቱርቦውን ግን ቆይ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በድሬና በሐረር የመኪና ወዳጆች ዘንድ እየተነበበ ነው። የጻፈው የሐረር ሰው ነው። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ በየግቢው አቧራ ለብሶ የቆመ ፔጆ 404 ታክሲ ግዛ። የራሱን ሞተር አውርድ። ከተጋጨ ቢኤምደብሊው ላይ የተፈታ ኤን52 የሚባለውን ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ግጠምለት። ከዚያ ቱርቦ፣ በጢሱ ግፊት እየዞረ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን መሣሪያ፣ ጨምርበትና 350 ፈረስ ጉልበት አውጣ። ወጪው ቀላል ነው፣ ሥራውም አያስቸግርም ይላል።

ጽሑፉ ደስ ይላል። ሰውዬው መኪና እንደሚወድ ያስታውቃል። ግን ግማሹ ልክ አይደለም። ልክ ያልሆነው ግማሽ ደግሞ ገንዘብ የሚበላው ግማሽ ነው። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስለት። ቅር እንደማይለው አውቃለሁ። እኛ አገር ስለ ሞተር ያልተጨቃጨቁበት በርጫ፣ በርጫ አይባልም።

የምንስማማበትን ላስቀድም። 404 ሊድን የሚገባው መኪና ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ወጣ፣ ቅርጹን ፒኒንፋሪና ነደፈው። የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸነፈ። ሐረር ውስጥ ስንቱን ሰው ከነዕቃው ሲያመላልስ እንደኖረ መናገር አያስፈልግም። ስድስት ሲሊንደር በመስመር የተደረደረበት ሞተርም የተመሰገነው በከንቱ አይደለም። ፒስተኖቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲወጡና ሲወርዱ አንዱ የፈጠረውን ንዝረት ሌላው ያጠፋዋል። ባለ አራቱ ላይ የሚቀረው መንቀጥቀጥ እዚህ የለም። ኤን52 ደግሞ ቀላል ሞተር ነው፣ 161 ኪሎ ገደማ። ይዘቱ 2,996 ሲሲ፣ ጉልበቱ በትልቁ ዓይነት እስከ 272 ፈረስ። የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ ያለንን አሮጌ መኪና በሌላ ሞተር ማቆየት የሚያዋጣ ሐሳብ ነው። እስከዚህ ድረስ አብረን ነን።

የምንለያየው ቱርቦው ላይ ነው።

የመጀመሪያው ምክንያቱ ጥንካሬ ነው። በመስመር የተደረደረ ስድስት ሲሊንደር ሁሉ ጠንካራ ነው፣ የቶዮታ ሱፕራ ሞተር የሆነው ቱጄዚ ለዚህ ምስክር ነው ይላል። አቦ፣ ቱጄዚና ኤን52 የሚመሳሰሉት በሲሊንደር ቁጥር ብቻ ነው። ባለ ቱርቦው ቱጄዚ ብሎኩ፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን የያዘው አካል፣ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው። የመጭመቂያ መጠኑ፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን ስንት እጥፍ እንደሚያምቀው የሚናገረው ቁጥር፣ 8.5 ለ1 ነው። ከፒስተኑ ሥር ዘይት ረጭቶ የሚያቀዘቅዝ አፍንጫ አለው። ቶዮታ ከመጀመሪያው ለቱርቦ ብሎ ነው የሠራው። ኤን52 ደግሞ ብሎኩ የውጭው ማግኒዚየም፣ የውስጡ አሉሚኒየም ነው። ዓላማው መቅለል ነበር፣ ተሳክቶለታልም። ግን ቢኤምደብሊው ራሱ ወዲያው እ.ኤ.አ. በ2006 ባለ ቱርቦውን ኤን54 ሲያወጣ ምን አደረገ? ማግኒዚየሙን ትቶ ወደ አሉሚኒየም ብሎክና የብረት ሲሊንደር ተመለሰ። የሲሊንደሩንም ስፋት ከ85 ወደ 84 ሚሊ ሜትር አጠበበው። ሞተሩን የሠራው ፋብሪካ «ይሄ ለቱርቦ አይሆነኝም» ብሎ ሌላ ብሎክ ከሠራ፣ እኛ ሐረር በር ላይ ቆመን «ይሆናል» ለማለት ምክንያት ያስፈልገናል። ጽሑፉ ግን ምክንያት አላቀረበም።

ማግኒዚየም ላይ ሌላም ጣጣ አለ። ጋራዥ የዋለ ሰው በቀላሉ ይገባዋል። የዚህ ሞተር ብዙዎቹ ቡሎኖች አሉሚኒየም ናቸው። አንዴ ከጠበቁ በኋላ አይደገሙም። አጠባበቃቸውም በክንድ ሳይሆን በዲግሪ ነው። የእኛ ሰፈር ልማድ ደግሞ ይታወቃል። ቡሎን ጠፋ ሲባል ከጣሳው ውስጥ ተፈልጎ የሚመሳሰል የብረት ቡሎን ይገባል። ተራ ብረት ከማግኒዚየም ጋር ተጣብቆ እርጥበት ካገኘው ማግኒዚየሙ ይበላል። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ቡሎኑ ዙሪያ ካየህ ጥርሱ እያለቀ ነው ማለት ነው። ይሄ ቱርቦ ባልነካው ሞተር ላይ ነው። ቱርቦ ጨምረህ ግፊቱንና ሙቀቱን ካበዛህበት ምን እንደሚሆን ገምት።

ሁለተኛው ነጥብ ጉርኒሲዮኑ ነው፣ በብሎኩና በላዩ በሚከደነው ቴስታታ መካከል የሚገባው ማሸጊያ። እዚህ ላይ ቁጥር ስለጻፈ በቁጥር ልመልስለት። የኤን52 መጭመቂያ 10.7 ለ1 ነው። ለቱርቦ ከፍተኛ መሆኑን ጸሐፊው ራሱ ያምናል። መፍትሔው ግን ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚወፍር የቴስታታ ጉርኒሲዮን ነው፣ እሱ ወደ 9 ያወርደዋል ይላል።

እስቲ እናስላ። 2,996 ሲሲ ለስድስት ሲካፈል አንዱ ሲሊንደር 499 ሲሲ ነው። መጭመቂያው 10.7 እንዲሆን ከፒስተኑ በላይ የሚቀረው ባዶ ቦታ 51.5 ሲሲ መሆን አለበት። የሲሊንደሩ ስፋት 85 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት የሚጨምረው 2.8 ሲሲ ብቻ ነው። ውጤቱ 10.2 ለ1 ይሆናል። 9 አይደለም። ወደ 9 ለመውረድ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ማወፈር ያስፈልጋል። ቴስታታውን 2 ሚሊ ሜትር ካነሳኸው ደግሞ ባልቮላውን ከሚከፍተው ካም ጋር የሚያገናኘው ሰንሰለት ይለጠጣል፣ የባልቮላው ሰዓት ይዛባል። ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ በጠባቡ ዳር ያለውን አየር ገፍቶ የሚያማስልበት ክፍተትም ይሰፋል። ያ ክፍተት የተሠራው ነዳጁ ቶሎና እኩል እንዲነድ ነው። እሱን አሰፋኸው ማለት የሸሸኸውን ችግር መልሰህ ጠራኸው ማለት ነው። መጭመቂያ የሚወርደው በፒስተን ነው። ፒስተን ከተቀየረ የያዘው ክንድ፣ ቢዬላውም፣ አብሮ ይታያል። ይህ ወጪ ጽሑፉ ውስጥ የለም።

ከዚሁ ጋር አንድ ማስረጃ ያነሳል። አዲሱ የቢኤምደብሊው ቢ58 ሞተር መጭመቂያው 11 ለ1 ሆኖ ቱርቦ አለው፣ ስለዚህ 10.7 አያስፈራም ይላል። ቁጥሩ ትክክል ነው። ድምዳሜው ግን አይከተልም። ቢ58 ቤንዚኑን የሚረጨው ሲሊንደሩ ውስጥ ነው። ቤንዚኑ እዚያው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፣ የታመቀውን አየር ያቀዘቅዘዋል። የሲሊንደሮቹ የላይኛው ጫፍ ዙሪያውን በአሉሚኒየም የተዘጋ ስለሆነ ጠንካራ ነው። አየሩን በውሃ የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር ማስገቢያው ላይ ተገጥሟል። ኤን52 ግን ቤንዚኑን የሚረጨው ከባልቮላው ውጭ ነው። ሁለቱን አንድ ማድረግ፣ ያው ባለ አራት እግር ናቸው ብሎ ፍየልን ከግመል እኩል እንደመጫን ነው።

ለመሆኑ የምንፈራው ምንድን ነው? ካንዴላው የለኮሰው እሳት ሲሊንደሩ ዳር ሳይደርስ፣ ዳር ላይ ያለው ነዳጅ በግፊትና በሙቀት ብዛት ራሱ ይፈነዳል። ኖክ የሚሉት ይሄንን ነው። ድምፁ ጠጠር በቆርቆሮ ጣሳ እንደመወዝወዝ ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር ላይ ድምፁን ሰምተህ እግርህን እስክታነሳ ድረስ ፋሻው (ፒስተኑን የከበበው ቀለበት) የሚቀመጥበት የፒስተን ዳር ሊሰበር ይችላል። ይህን የሚከላከለው አንዱ ነገር የነዳጁ ኦክቴን ነው። እኛ ማደያ ላይ ደግሞ «የትኛውን ልቅዳልህ?» የሚል ሰው የለም። ያለው አንድ ዓይነት ቤንዚን ነው። እሱም ሲገኝ። ሳይገኝ ሲቀር በጄሪካን ከመንገድ ዳር ይገዛል፣ ምን እንደተቀላቀለበት የሚያውቀው ሻጩ ነው። ጸሐፊው በጠርሙስ የሚሸጥ የኦክቴን ማሻሻያ ይመክራል። ጠርሙሱ ላይ «30 ነጥብ ይጨምራል» ተብሎ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ 3 ቁጥር ማለት ነው፣ አሥሩ ነጥብ አንድ ቁጥር ነውና። እሱም ደህና ቤንዚን ላይ ከተነሳህ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ሳነበው ስለ ድሬ ሙቀት ሰምቶ የማያውቅ ሰው የጻፈው መሰለኝ። ቱርቦው የሚጨምረው ግፊት 0.5 ባር ብቻ ስለሆነ፣ የታመቀውን አየር የሚያቀዘቅዝ ኢንተርኩለር አያስፈልግም ይላል። ጸሐፊው ሐረር ነው፣ እዚያ ነፋሻ ነው። እኛ ድሬ ጋ ግን ግንቦትና ሰኔ ላይ ከሰዓት 35 ዲግሪ የተለመደ ነው። ከፍታችን 1,200 ሜትር ገደማ ስለሆነ የአየሩ ግፊት 0.88 ባር አካባቢ ነው። በዚያ ላይ 0.5 ስትጨምር ቱርቦው አየሩን ከ1.5 እጥፍ በላይ እያመቀው ነው። አየር ሲታመቅ ይሞቃል። ጥሩ የሚባል ቱርቦ ይዘህ እንኳ ከቱርቦው የሚወጣው አየር 95 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ይህ በጥላ ያለውን አየር ከሳበ ነው። ፍልትሮው ኮፋኖ ሥር ከራዲያተሩ ጀርባ ከተቀመጠ ከ100 ያልፋል። ሻይ የሚያፈላ አየር ወደ 10.7 መጭመቂያ ማስገባት ማለት ነው። መካከለኛ ኢንተርኩለር ከፊት ብታደርግለት ወደ 50ዎቹ ይወርዳል። ስለዚህ ኢንተርኩለር እዚህ አገር ጌጥ አይደለም።

አራተኛው የከፍታ ጉዳይ ነው። ቱርቦ ከፍታ አያውቅም፣ ስለዚህ በድሬና በሐረር መካከል ያለውን የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረር ሲደርስ ጉልበቱ አይቀንስም ይላል። ግማሽ እውነት ነው። ተራ ቱርቦ ላይ ትርፉን ጋዝ የሚያስተነፍሰው በር የሚከፈተው በስፕሪንግ ነው። ስፕሪንጉ የሚመዝነው ግፊቱ ከውጭው አየር በምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። ስለዚህ 0.5 ባር የትም ቦታ 0.5 ነው፣ ድምሩ ግን ይለያያል። ጅቡቲ ወደብ ላይ 1.51፣ ድሬ 1.38፣ ሐረር 1.30 ባር አካባቢ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ጠረፍ ሐረር ሲደርስ 20 በመቶ ያህል አየር ያጣል። 0.5 ባር ያለው 14 በመቶ ያህል ያጣል። ይሻላል እንጂ አያውቅም አይባልም። የጎደለውን ልሙላ ካልክ ደግሞ ቱርቦው የበለጠ ይሽከረከራል፣ አየሩ የበለጠ ይሞቃል።

ደንገጎ ከተነሳ አይቀር፣ እዚያ ዳገት ላይ ዋናው ችግር የጉልበት ማነስ አይደለም። ከሲኖትራክ ኋላ ተሰልፈህ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መውጣት ነው። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ማለፍ አይቻልም። ሞተሩ ይሠራል፣ ነፋስ የለም። ኮፋኖ ከፍተው ዳር የቆሙትን መኪኖች ያየ ሰው ይሄን ያውቃል። የኤን52 የውሃ ፖምፓ በቺንጋ አይዞርም፣ በኤሌክትሪክ ነው። የሚያዘውም ኮምፒውተሩ ነው። ሽቦው በትክክል ካልተያያዘ ፖምፓው ዝም ሊል ይችላል። ሞተሩ እየሞቀ ፖምፓው ተኝቶ ማለት ነው። ጽሑፉ ስለ ራዲያተር አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፏል። የ404ቱ ራሱ ይበቃል የሚል። የ404 ራዲያተር የተሠራው 70 ፈረስ ገደማ ለሚያወጣ ሞተር ነው።

አምስተኛው ነጥብ የሁለቱም ሞተር አቀማመጥ ነው። የ404 ሞተር 45 ዲግሪ ጋደም ያለ ነው፣ ኤን52ም ወደ ጎን ያዘነበለ ስለሆነ ቦታው ልክ ይሆናል ይላል። ኮፋኖው ስለ መዘጋቱ ትክክል ነው። ኤን52 30 ዲግሪ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ጢስ ማውጫውም በቀኝ በኩል ነው። ይህ ማለት ቱርቦው ታች ይወርዳል። ቱርቦ ደግሞ ዘይት ያስፈልገዋል። ዘይቱ በግፊት ይገባል፣ ሲወጣ ግን አረፋ ሆኖ በራሱ ክብደት ብቻ ነው የሚወርደው። ቱርቦው ኮፓው (የሞተሩ የታች የዘይት ማጠራቀሚያ) ውስጥ ካለው ዘይት በደንብ ከፍ ካላለ ዘይቱ መውረጃ ያጣል። ያኔ በቱርቦው ማኅተም በኩል ሾልኮ ከማርሚታው ሰማያዊ ጢስ ሆኖ ይወጣል። ብዙ ሰው «ቱርቦው ተበላሽቷል» ብሎ ሌላ ይገዛል፣ ያም ያጨሳል። ተጨማሪ የዘይት መምጠጫ ፖምፓ ማድረግ ይቻላል። እሱም ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

የጢስ ኮሌክተሩን ከውሃ ቧንቧ መበየድ ይቻላል ማለቱ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ድሬ ብየዳና ቶርኖ አያስቸግርም። ከተማዋ የሸመንደፈር ልጅ ናት፣ ባቡር ጥገናው ስንቱን ባለሙያ እንዳፈራ ይታወቃል። ግን ያ ነጭ የሚያብረቀርቀው የውሃ ቧንቧ ዚንክ የተቀባ ነው። ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጢስ በያጁን ትኩሳት ያስይዘዋል። ጥቁሩን ወፍራም ቧንቧ ይጠቀም። ሲሠራም 1፣ 2፣ 3ን ለብቻ፣ 4፣ 5፣ 6ን ለብቻ ያሰባስብ። የእሳቱ ተራ 1-5-3-6-2-4 ስለሆነ እንዲህ ሲከፈል አንዱ ሲሊንደር የሌላውን ጢስ አይገፋም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጽሑፉ ስለ ኋላው አክስ የሚለው አንድ መስመር ብቻ ነው። ፔጆ ጠንካራ ነው፣ ይችላል። እኔ ጽሑፉን እንድመልስ ያስነሳኝ ይቺ መስመር ናት።

የ404 ዲፈረንሻል እንደ ቶዮታ ወይም እንደ ኒሳን አይደለም። ውስጡ ያለው እንደ ጠመዝማዛ ቡሎን የተቆረጠ ብረት ነው፣ እሱ የነሐስ ጥርስ ያዞራል። ሁለቱ የሚሠሩት በመንከባለል ሳይሆን በመንሸራተት ነው። ድምፅ የለውም፣ ለዘመኑ ድንቅ ነበር። ታክሲዎቻችን ይሄን ያህል ዘመን የቆዩት በ70 ፈረስ ስለሚገፉት ነው። ባለ ቱርቦ ስድስት ሲሊንደር 400 ኒውተን ሜትር የሚያህል የማዞር ኃይል ከዝቅተኛ ዙር ጀምሮ ሲልክበት ነሐሱ ይላጫል። ዘይቱን ስታወጣው ወርቅ የመሰለ ብናኝ ይዞ ይወርዳል። ያን ብናኝ ያየ መካኒክ ጥርሱ እየሄደ እንደሆነ ያውቃል።

«ታዲያ የሃይሉክስ አክስ እንቀይራለን» ትል ይሆናል። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ አክሱም ይገኛል። ግን ቀጥሎ የሚመጣውን አስብ። 404 ላይ ካርዳኑ የሚዞረው ቱቦ ውስጥ ነው። ያ ቱቦ ካርዳኑን መሸፈን ብቻ አይደለም ሥራው። የኋላውን አክስ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይሄድ፣ ፍሬን ሲያዝ እንዳይጠማዘዝ የሚይዘው እሱ ነው። ስፕሪንጎቹ የሚሸከሙት ክብደት ብቻ ነው። ቱቦውን ባወጣህ ቀን አክሱን የያዘው ነገር የለም። አዲስ መያዣ ክንዶች መሥራት፣ አካሉ ላይ የሚበየዱበትን ቦታ ማጠናከር፣ ማዕዘናቸውን ማስላት ይመጣል። ይሄ የሥራው ልብ ነው። ካምቢዮም እንደዚያው። የ404 ካምቢዮ ከቱቦው ጋር የተሰፋ ነው፣ ስለዚህ አንዱ ሲቀየር ሁሉም ይቀየራል። ሞተር መግጠም ቅዳሜ ሊያልቅ ይችላል። አክሱን ማስያዝ ግን የጥሩ ባለሙያ ሥራ ነው፣ ጊዜም ይፈልጋል።

ፍሬን ላይ ደግሞ ጽሑፉ አደገኛ ነገር ተናግሯል። የፍሬን ፔዳሉን የሚያቀለው አጋዥ የሚሠራበት ቫኩም (መሳብ) ከሞተሩ ማስገቢያ ቱቦ ይወሰድ ይላል፣ አሮጌ ሞተር ላይ እንደለመድነው። ኤን52 ላይ ይሄ አይሠራም። ይህ ሞተር አየሩን የሚመጥነው በቢራቢሮ ሳይሆን ባልቮላውን ብዙ ወይም ጥቂት በመክፈት ነው። ቫልቭትሮኒክ የሚሉት ነው። ስለዚህ ማስገቢያው ውስጥ መሳብ የሚባል ነገር እዚህ ግባ አይባልም፣ 50 ሚሊባር አካባቢ ነው። ቢኤምደብሊው ይህን ስለሚያውቅ ሞተሩ ላይ የራሱ የቫኩም ፖምፓ ገጥሞለታል። ፍሬኑ ከእሱ ነው መወሰድ ያለበት። ቱርቦ ከተጨመረ ደግሞ ማስገቢያው ይገፋል እንጂ አይስብም። በዚህ ስህተት ከደንገጎ ወደ ድሬ የሚወርድ ሰው ምን እንደሚገጥመው ልንገርህ። ወደ አንድ ሺህ ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት ነው። ፔዳሉ ድንጋይ ይሆንበታል። መኪናው ከድሮዎቹ ከሆነና አራቱም እግሩ ላይ ያለው የታምቡር ፍሬን ከሆነ፣ ገና ግማሽ ሳይደርስ የፍሬን ሸራው ሽታ ይሸተዋል። ከዚያ በኋላ ረገጥክ አልረገጥክ ያው ነው። ከፊት ዲስክ ሳይገባ፣ አጋዡ ከትክክለኛው ፖምፓ ሳይያያዝ ስለ ፈረስ ጉልበት ማውራት አይገባም።

የኮምፒውተሩን ነገር ቶሎ ልለፈው። በትንሽ ሳጥን ማታለል ይቻላል ይላል። የኤን52 ኮምፒውተር ከቁልፉ ጋር ተዋውቆ የሚሠራ ነው። ሞተሩን ገዝተህ ቁልፉን፣ ኮምፒውተሩንና የመኪናውን የስርቆት መከላከያ ሳጥን አብረህ ካላመጣህ ሞተሩ አይነሳም። ስለዚህ ከሻጩ ጋር ስትደራደር ሽቦውን እንዳይቆርጡብህ አስቀድመህ ተናገር። ቱርቦ ከገባ ደግሞ ኢንጄክተሩም መለወጥ አለበት። 350 ፈረስ ለማውጣት እያንዳንዱ ኢንጄክተር በደቂቃ 430 ሲሲ ያህል ማፍሰስ አለበት። ይህን ሁሉ ኮምፒውተሩ ካላወቀው ነዳጁ ያንሳል፣ ሲያንስ ሙቀቱ ይጨምራል። ማታለል ብሎ ነገር የለም። ወይ በትክክል ይጻፍለታል፣ ወይ ፒስተን ይቀልጣል።

ሊብሬውንም ረስቶታል። ሊብሬ ላይ የሞተር ቁጥር አለ። ሞተር ቀይሮ ሳያስመዘግብ የሚነዳ ሰው ቦሎ ላይ ይያዛል። የሞተሩ የግዢ ሰነድ ከእጅህ እንዳይጠፋ።

እና ምን ይሻላል? የእኔ ሐሳብ ይሄ ነው። ኤን52ን እንዳለ ግጠመው፣ ያለ ቱርቦ። 265 ፈረስ ጉልበት የሚያወጣው ዓይነት ድሬ ላይ 230፣ ሐረር ላይ 210 ገደማ ይሆናል። ጸሐፊው ይህን «የሞተ» ይለዋል። 404 ክብደቱ አንድ ቶን ትንሽ አለፍ ቢል ነው። የራሱ ሞተር ከነ ጤንነቱ 70 ገደማ ነበረ፣ እሱም ሐረር ሲደርስ 55 ይቀረዋል። ከ55 ወደ 210 የሄደ መኪና ሞተ የሚባለው የት አገር ነው? ለቱርቦው፣ ለኮሌክተሩ፣ ለፒስተኑና ለኢንተርኩለሩ የታሰበው ብር አክሱን፣ ፍሬኑንና ራዲያተሩን በደንብ ይሠራል። ቅደም ተከተሉም እንዲያ ቢሆን ይመረጣል፤ መጀመሪያ አክስና መያዣው፣ ቀጥሎ ፍሬን፣ ቀጥሎ ማቀዝቀዣ፣ ሞተሩ መጨረሻ። ብዙ ሰው ሞተሩን አስቀድሞ ይገጥምና ድምፁን ሰምቶ ይደሰታል። ከዚያ ብሩ ያልቅና መኪናው ግቢ ውስጥ ይቆማል።

ቱርቦ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ካለ፣ ቱርቦ ይዞ የተወለደ ሞተር ይፈልግ። ኤን54 ከፋብሪካው ሁለት ትንንሽ ቱርቦ ይዞ 306 ፈረስ ያወጣል፣ 400 ኒውተን ሜትር ገና ከ1,400 ዙር አካባቢ ይሰጣል። ብሎኩ ለዚያ የተሠራ ነው፣ ነዳጁም ሲሊንደሩ ውስጥ ይረጫል። የራሱ በሽታ አለው፣ ከፍተኛ ግፊት የሚሰጠው የነዳጅ ፖምፓ ስሙ የተበላሸ ነው። ቢሆንም ቢያንስ የምትጠግነው የታወቀ ነገር ነው፣ አንተ የፈጠርከው አዲስ በሽታ አይደለም።

ወንድሜ ሞተሩን ገዝቶ ከሆነ አይሽጠው። የአክሱን ልኬትና የቱቦውን ፎቶ ይዞ ድሬ ይውረድ። ጎበዝ ቶርኖ ቤት አሳየዋለሁ። ሲመጣ ግን በ404 ከሆነ ፍሬኑን ቀድሞ ያሳይ።